የጊንጡ ባለቤት፤ የካርሎ አባርት የሕይወት ታሪክ

በቤቴል ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ጥቂት የቆመ ሰው መካኒኮች ማርሚታ፣ ካንዴላ፣ ካምቢዮ እያሉ ሲነጋገሩ ይሰማል። ቃላቱ ከኢጣልያ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ከእነዚህም በአንዱ፣ የሞተር ጭስ በሚያስወጣው በማርሚታ፣ ስሙ በዓለም የታወቀ አንድ ባለ ጋራዥ ነበረ፤ እርሱም ካርሎ አባርት ነው።

አባርት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1908 ዓ.ም. በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪዬና ተወለደ። በወጣትነቱ የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ ሆነ። በ1934 ዓ.ም. በሞተር ብስክሌት በቤልጅግ ወደብ በኦስቴንድና በቪዬና መካከል ከኦሪየንት ኤክስፕረስ ባቡር ጋር ተሽቀዳድሞ ባቡሩን ቀደመ። በኋላ ግን በልዩብልያና ከተማ ከባድ አደጋ ደረሰበትና ከሞተር ብስክሌት ውድድር ወጣ።

ከጦርነቱ በኋላ በኢጣልያ ቺዚታልያ በተባለ የእሽቅድምድም መኪና ኩባንያ ሥራ ያዘ። ይህም ኩባንያ ገንዘብ አጥቶ ወደቀ። አባርት ሁለተኛ ጊዜ እንጀራው ቢቋረጥም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከኩባንያው የተረፉትን መኪናዎችና ዕቃዎች ተረክቦ በ1949 ዓ.ም. በቦሎኛ የራሱን ድርጅት አቋቋመ፤ ከዚያም ወደ ቶሪኖ ተዛወረ። ኮከቡ ዓቅራብ ስለ ነበረ ጊንጥን የድርጅቱ ምልክት አደረገ።

እሽቅድምድም ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ ማርሚታ እየሠራ በመሸጥ ወጪውን ይሸፍን ጀመር። ሞተር አየርና ነዳጅ ስቦ ያቃጥላል፤ የተቃጠለውም ጭስ መውጫው ከጠበበው ጉልበቱ ይደክማል። አባርት ጭሱ ሳይታፈን የሚወጣበትን ማርሚታ ሠራ። ከዚህም ሌላ ሲሊንደር እያሰፋ፣ ካርቡራተር እየለወጠ ለትናንሽ መኪናዎች ጉልበት ጨመረላቸው። አባቶቻችን በአዲስ አበባ ታክሲ ሆና የሚያውቋት የፊያት 600 ሞተር 633 ኩብ ሴንቲ ሜትር ነበረ፤ እርሱ 747 አደረሰው። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ከእርስዋ የምታንሰውን ፊያት 500 አሻሽሎ በሞንዛ ሜዳ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አስሮጣት። በሰዓት በአማካይ 108 ኪሎ ሜትር እየሄደች ከ18,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘች።

በ1965 ዓ.ም. ዕድሜው ወደ 57 ሲጠጋ ራሱ አዲስ ክብረ ወሰን ለመስበር ፈለገ። የመኪናዋ መቀመጫ ግን ለሰውነቱ ጠበበው። እርሱም ፖም እየበላ 30 ኪሎ ያህል ከቀነሰ በኋላ ገብቶ ነዳ፤ ያሰበውንም ፈጸመ።

በ1971 ዓ.ም. ድርጅቱን ለፊያት ኩባንያ ሸጠ። በ1979 ዓ.ም. በተወለደበት ከተማ በቪዬና ዐረፈ።

እኛም ተማሪዎች ከዚህ ሰው ሕይወት የምንቀስመው ትምህርት አለ። መንገዱ ሁለት ጊዜ ሲዘጋበት በእጁ የቀረውን ዕቃ ቆጥሮ እንደ ገና ጀመረ። ትንሽ ነገር ሳይንቅ የሠራ ሰው ስሙ ከራሱ ዕድሜ በላይ ይኖራል።