ከሽፍትነት እስከ አክሊል፤ የአባ ሙሴ ጸሊም ረጅም መንገድ

ሰኔ 24 ቀን በስንክሳር የሚታሰበው አባ ሙሴ ጸሊም አስቀድሞ ሽፍታ እንደ ነበረ ሁላችን እናውቃለን። ሽፍትነቱንና ሰማዕትነቱን እናስታውሳለን፤ በመካከል ያሉትን ብዙ ዓመታት ግን ቸኩለን እናልፋቸዋለን። እርሱ ሌላ ሰው የሆነው በእነዚያ ዓመታት ነው።

ሙሴ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብጽ የአንድ ሹም ባሪያ ነበረ፤ ስለ ሌብነቱ ቢባረር የሽፍቶች አለቃ ሆነ። ጳላድዮስ እ.ኤ.አ. በ420 ገደማ እንደ ጻፈው፥ አንድ እረኛ ለመግደል ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ዓባይን ዋኝቶ ተሻገረ፤ እረኛው ቢያመልጠው አራት በጎች አርዶ በገመድ እየጎተተ ተመለሰ። ጳላድዮስ ኢትዮጵያዊ ይለዋል። ነገር ግን ግሪኮች በዚያ ዘመን ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ስለ ነበረ፥ ስለ ትውልድ አገሩ አንከራከርም።

ንስሐ ገብቶ በአስቄጥስ ገዳም ከመነኰሰ በኋላ የቀድሞ ምኞቱ አልተወውም። ምንኩስናውን ሊተው እስኪቃረብ ድረስ ተጨንቆ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። ሽማግሌውም፥ ይህ ገና የጦርነቱ መጀመሪያ መሆኑን ነገረው፤ በሥጋ ቤት ደጅ አጥንት መቆርጠም የለመደ ውሻ የሚጥልለት ሲያጣ በጊዜ ብዛት መምጣቱን እንደሚተው፥ ልማድም እንዲሁ በትዕግሥት እንደሚሸነፍ አስረዳው። ሙሴ ወደ በዓቱ ተመለሰ። ስድስት ዓመት ሌሊቱን ሁሉ ቆሞ ጸለየ፤ ምኞቱ አልጠፋም። ቀጥሎም በሌሊት እየዞረ ውኃው ለራቀባቸው አረጋውያን እንስራቸውን ይሞላ ጀመር። አንድ ሌሊት በጉድጓዱ አፍ ጎንበስ ብሎ ሳለ ጋኔን በዱላ ወገቡን መታው፤ አንድ ዓመት ያህል ታመመ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አባ ኤስድሮስ፥ ከአጋንንት ጋር የሚያደርገውን ፉክክር ይተው ዘንድ፥ ለጀግንነትም ልክ እንዳለው መከረው፤ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ፈተናው እንደ ተወገደለት፥ ያም የዘገየው በጉልበቱ ያሸነፈ መስሎት እንዳይታበይ መሆኑን ነገረው። ድካሙ ከንቱ ነበረ እንላለንን? አንልም፤ ያ ሁሉ ሌሊት ጸጋን የሚቀበል እጅ ሲዘረጋለት ቆይቷልና።

ፍሬውም ታየ። አንድ ወንድም በድሎ ሽማግሌዎቹ ለፍርድ ቢጠሩት፥ ውኃ የሚያፈስ የተሰነጠቀ እንስራ ተሸክሞ መጣ፤ የራሱ ኃጢአት በስተኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው የሌላውን ሊፈርድ መምጣቱን በዚህ አሳያቸው። እነርሱም ወንድማቸውን ማሩት። ኋላም ቅስና ተቀበለ፤ 70 ደቀ መዛሙርትም አፈራ።

ዕድሜው 75 ሲሆን፥ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፥ በርበሮች ገዳሙን ሊወጉ መጡ። ወንድሞችን እንዲሸሹ አሰናበታቸው፤ እርሱ ግን ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ ይጠፋሉ የተባለው በእርሱ እንዲፈጸም ያን ቀን ሲጠብቅ እንደ ኖረ ነግሮአቸው ተቀመጠ። አንዳንዶች ትተውት መሄድ እንቢ አሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ፈርቶ ተሸሸገ። የእግዚአብሔር መልአክ አክሊል ይዞ ቆሞ ሲጠብቅ ባየ ጊዜ ግን፥ ስንክሳር እንደሚነግረን፥ ከተሸሸገበት ወጥቶ ከአባቱ ጋር ሞተ።