ዶክተር ፕራይስና የዝሆኔ ሕመምተኞች

ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ብሪታንያዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። አዲስ አበባ በሚገኘው አለርት በሥጋ ደዌ ሕክምና ይሠሩ ነበር። እዚያ ሳሉ ግን ሌላ በሽታ ሐሳባቸውን ወሰደው፤ ዝሆኔ።

ያን ጊዜ ዝሆኔ ሲባል ብዙ ሐኪም የሚያስበው ትንኝ የምታስተላልፈውን ትል ነበር። ደጋው ላይ ግን ትሉ የለም። ዶክተሩ በሽታውን ከአፈርና ከዝናብ ጋር አስተያዩት። ያገኙት ዝናብ በሚበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ በመጣ ቀይ አፈር ላይ፣ በባዶ እግሩ በሚያርስ ሰው ነው። አርሲም ውስጥ አለ። የአፈሩ ደቃቅ ብናኝ በእግር ቆዳ ገብቶ የሊምፍ ቧንቧን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1988 ፖዶኮኒዮሲስ ብለው ሰየሙት።

ቀደም ብለው በ1972 ግን አንድ የሚከብድ ነገር ጽፈዋል፤ በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ ይበረታል የሚል። እንግዲህ አስቡት። እኛ ጋ የዝሆኔ ቤት ልጅ ለትዳር ጠያቂ የላትም። ሐኪም ደግሞ በዘር ነው ካለ አለቀላት። ዝም ቢባልስ? ታናሽ ወንድሟ ነገም በባዶ እግሩ በሬ ይከተላል። ፕራይስ ዝም አላሉም፤ ጫማ በሽታውን እንደሚከላከልም ጻፉ። በእኔ አስተያየት ቅደም ተከተሉ ትልቅ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ጫማው፣ ቀጥሎ ዘሩ፣ ያውም ለቤተሰቡ ብቻ። አማች ሊሆን የመጣ ሰው ቢጠይቀን ምስጢሩ የእኛ አይደለም።

ኦኩፔሽናል ቴራፒም እዚህ ይገባል። ገበሬን እርሻ ተው ማለት ቀላል ነው፤ ልጆቹን ማን ያበላለታል? ውሃና ሳሙና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ያበጠ እግር የሚገባበት ሰፊ ጫማ፣ ከዚያ ወደ ሞፈሩ።

የዶክተሩ መጽሐፍ በ1990 ታተመ። በ2012 በደቡብ ኢትዮጵያ ሕመምተኞች ላይ የተሠራ የዘረመል ጥናት የቤተሰቡን ነገር ደገፈላቸው።