አለቃ ገብረ ሐናና የዝማሜው ባለቤትነት

ሰው በእጁ የሠራውን ቤት፣ በበሬው ያረሰውን እርሻ የእኔ ነው ቢል ምስክር አያጣም። በልቡናው ያፈለቀውን ዜማ ወይም ያሰናዳውን ሥርዐተ ማኅሌት ግን የእኔ ነው ለማለት የሚችለው በምን ምክንያት ነው? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የባዕድ ሀገር ሊቃውንትን ከመጥራታችን በፊት ከቤታችን ሊቅ ከአለቃ ገብረ ሐና ታሪክ መጀመር ይገባናል።

አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በቤጌምድር፣ በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ በተባለው ስፍራ ተወለዱ። እንደ ዘመኑም ልማድ ንባብና ዜማ ተምረው፣ ቅኔ ተቀኝተው፣ በጎንደር ከነበሩት መምህራን ዘንድ ትምህርታቸውን አስፋፍተው በበአታ ለማርያም ደብር መምህር ሆኑ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን አንሥቶ እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ድረስ ስማቸው በቤተ መንግሥትም በቤተ ክህነትም ይጠራ ነበር። ሕዝቡ ግን ይበልጥ የሚያውቃቸው በፈጣን መልሳቸውና በቀልዳቸው ስለ ሆነ፣ ሊቅነታቸው በሣቅ ተሸፍኖ ቀረ።

መምህራን ለደቀ መዛሙርት ሲተርኩ እንደምንሰማው፣ አለቃ በጣና ሐይቅ ዳር ሳሉ የሞገዱን መነሣትና መመለስ፣ በነፋስም የሚወዛወዘውን ዕፅ ይመለከቱ ነበር። ከዚህም አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። መቋሚያው፣ ትከሻውና አንገቱ እንደ ማዕበል በአንድነት እየተመሙ ከዜማው ጋር እንዲስማሙ አደረጉ። ሞገዱንማ ታንኳ ቀዛፊውም ዓሣ አጥማጁም ዕለት ዕለት ያየው ነበር፤ ወደ ማኅሌት ያገባው ግን እርሳቸው ናቸው።

የጎንደር ሊቃውንት ይህን አዲስ ስልት አልተቀበሉም። አባቶች ያቆዩት ሥርዐት እንዳይፋለስ መጠንቀቅ ተገቢ ነውና፣ በክፋት እንዳደረጉት አድርገን መፍረድ አይገባንም። አለቃ ግን ሥራቸው ከእርሳቸው ጋር እንዳይቀበር ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌም በደብረ ታቦር ወንበር ዘርግቶ፣ ደቀ መዛሙርት አብዝቶ ስልቱን አጸና። ዛሬ አቋቋም የሚማር ሰው ከጎንደር ላይ ቤትና ከታች ቤት ጋር ሦስተኛውን ስልት የሚያውቀው የተክሌ ተብሎ ሲጠራ ነው። ተሳላሚም በበዓል ቀን በቅኔ ማኅሌት ቆሞ ያ የመቋሚያ ማዕበል ሲነሣና ሲተኛ ሲያይ የሚሰማው የልጁን ስም ነው።

እንግዲህ የዚህን ሰው ዕጣ እናስተውል። የደከሙበት ዝማሜ በሌላ ስም ይጠራል፤ ያልተናገሩት ቀልድ ደግሞ በእርሳቸው ስም ይነገራል። የራሳቸው የሆነው ተወሰደ፤ የራሳቸው ያልሆነው ተጫነባቸው። ይህ በደል ነውን? በደልስ ከሆነ ምን ዐይነት በደል ነው?

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ (1632–1704 እ.ኤ.አ.) ምድር ለሁሉ የተሰጠች ብትሆንም፣ ሰው ከእርስዋ የወሰደውን በድካሙ ሲለውጠው ገንዘቡ ይሆናል፤ ነገር ግን ለሌሎች የሚበቃ ሊተርፍ ይገባል ብሎ አስተማረ። በዚህ ሚዛን ሞገዱ የሁሉ ነው፤ ዝማሜው ግን የአለቃ የድካም ፍሬ ነው። ጀርመናዊው አማኑኤል ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ መጽሐፍ ደራሲው ለሕዝብ የሚያሰማው ንግግር ነው፤ ያለ ፈቃዱም የሚያሳትም ሰው ባልተሰጠው ሥልጣን በደራሲው ስም ይናገራል ሲል ተከራከረ። በዚህ ከመዘንነው፣ የራሱን ቀልድ በአለቃ አፍ የሚያኖር ሰው ከዚህ የሚብስ እንጂ የሚያንስ አይሠራም። ሌሎችም የባለቤትነት መብት ምክንያቱ የሁሉ ጥቅም ነው ይላሉ፤ ይኸውም ሠሪው ለተወሰነ ዘመን ተጠቅሞ እንዲበረታ፣ ከዚያም ሥራው ለሁሉ እንዲሆን ነው።

በሀገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ሥነ ጥበብ ባለቤትነት ደነገገ። ኋላም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። አዋጁ ረቂቅ ሐሳብንና ስልትን ለማንም ርስት አያደርግም፤ ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ግን ይጠብቃል። ሁለት መብቶችንም ይለያል። አንደኛው ከሥራው የሚገኘው የኢኮኖሚ ጥቅም ሲሆን፣ ይህ በሠሪው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ባሉት 50 ዓመታት የተወሰነ ነው። ሁለተኛው ሥራው የእርሱ መሆኑ እንዲታወቅለት የሚጠይቅበት የሞራል መብት ነው። ስለዚህ በደብረ ታቦር ስልት የሚዘምም ሁሉ የገንዘብ ዕዳ የለበትም፤ የስም ዕዳ ግን አለበት።

ጸጋ ሁሉ ከእግዚአብሔር ከሆነ፣ መነኩሴ ስለ ባለቤትነት ምን አገባው የሚል ይኖር ይሆናል። መልሱ ከአባቶቻችን ልማድ ይገኛል። በብራና መጻሕፍት መጨረሻ የሚጻፈው ግዝት መጽሐፉን የሚሰርቀውንና ስም የሚፍቀውን ያወግዛል እንጂ ቃሉን ለመማር የሚገለብጠውን አያወግዝም። ቅዱስ ያሬድም ዜማውን ከሰማይ እንደ ተቀበለ እያመንን ስሙን መጥራት አልተውንም። ስጦታን በነጻ ማካፈልና የሰጪውን ስም ማክበር አብረው ይኖራሉ።

ተክሌንም በነጣቂነት ልንከሰው አይገባም። አባቱ በፈቃዳቸው አወረሱት፤ እርሱም ሌላ ድካም ደከመበት። አውጪው አባት፣ አጽኚው ልጅ ነውና ሁለቱም ሊታሰቡ ይገባል። አለቃ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲያርፉ ርስት አድርገው የተዉልን የሐይቁን ሞገድ በማኅሌት ነው።

ስለዚህ ደቀ መዝሙር ሆይ፣ መቋሚያህን ባነሣህ ጊዜ ከማን እንደ ተማርህ፣ መምህርህም ከማን እንደ ተማረ ተናገር። የባልንጀራህን ቅኔ የራስህ አታድርግ፤ የራስህንም ቀልድ በሙት አታላክክ። ይህን ብንጠብቅ ሕጉ በወረቀት ከመጻፉ በፊት በልባችን ተጽፎ ይገኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።