የዓድዋዋ እቴጌ፣ የታማሚው ንጉሥ አስታማሚ

ከእንጅባራ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ፣ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጎድጓዳ ስፍራ፣ የዘንገና ሐይቅ በደን ተከብቦ ይገኛል። ከደኑ ወጣ ሲሉ የገብስና የድንች ማሳ ይቀበላል፤ ከማሳው ጎን የግጦሽ መስክ፣ በመስኩም ላይ ፈረስ። በአዊ ፈረስ የክብር እንስሳ ብቻ አይደለም፤ ቀንበር ተሸክሞ ያርሳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር የሚዘክራቸው በዓድዋ የተዋደቁ አባቶችንና እነርሱን የተሸከሙ ፈረሶችን ነው። ከአባቶቹ ስም ጋር የአንዲት ሴት ስም አብሮ ይነሣል፤ የእቴጌ ጣይቱ ብጡል።

ዓድዋን የሚያውቅ ሁሉ ጣይቱን ያውቃል። ከድሉ አሥር ዓመት በኋላ ስለ ጀመረው የሕይወታቸው ምዕራፍ ግን ብዙ አይተረክም። በዚያ ዘመን የእቴጌዪቱ የጦር ሜዳ አንድ የመኝታ ክፍል ነበር። ጠላታቸውም የባላቸውን እጅና እግር፣ በኋላም አንደበት፣ በየተራ የነጠቀ የደም ሥር ሕመም ነበር።

ጣይቱ ከሰሜን መሳፍንት ወገን ናቸው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም፣ የሰሜኑ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። አባታቸው ከሞቱ በኋላ የልጅነት ዘመናቸውን በከፊል ያሳለፉት በጎጃም፣ በደብረ መዊ ገዳም አካባቢ እንደነበር ይነገራል። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ብዙም ያልተለመደውን የግእዝ ትምህርት ቀስመዋል፤ በገና ይደረድሩ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ በፊት በትዳር ያሳለፉት ዘመን ደስታ የበዛበት አልነበረም። በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን አንኮበር ላይ ከሸዋው ንጉሥ ጋር በቁርባን ሲጋቡ፣ ብዙ ያዩና ብዙ ያወቁ ሴት ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ትዳሩ ግን እስከ መጨረሻው ጸንቷል።

ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውሃው ዙሪያ የሰፈሩትና ቦታውን አዲስ አበባ ያሉት እቴጌዪቱ እንደሆኑ የታወቀ ነው። ፍልውሃ ለመዝናናት ብቻ የሚወረድበት ስፍራ አልነበረም፤ የዘመኑ መኳንንት ለቁርጥማትም ለድካምም ፈውስ የሚሹት ከዚያ ነበር። ከተማዪቱ በተወሰነ መልኩ ሕመምን ለማስታገስ ከተወረደበት ምንጭ ዳር የበቀለች ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ፣ ጣይቱ ከሁለት ቀን በኋላ ብርሃን ዘኢትዮጵያ ተብለው ነገሡ። ዘመኑ ክፉ ቀን ነበር። የከብት ወረርሽኝ በሬውን ፈጅቶት ገበሬው ጥማድ አልባ ሆኗል፤ ማሳው ጦም አድሯል። ያኔ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱና ሕዝቡም በሬ የለም ብለው እንዳይቀመጡ አርአያ ሆኑ። በገዛ እጁ መሬት መቆፈር የማያሳፍረው ንጉሥ ብርቅ ነው። ኋላ ላይ ሕመሙ ከሁሉ አስቀድሞ ያሰናከለው ይህንኑ የማያርፍ ሰውነት ነበር፤ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ዳኝነት የሚያይ፣ አናጺውንና ግንበኛውን እየዞረ የሚጎበኝ፣ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ልፈታታው የሚል ሰውነት።

የዓድዋው ገድል ደጋግሞ ስለተነገረ እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይበቃል። እቴጌዪቱ በመቀሌ ምሽግ የነበረውን የጠላት ጦር ውኃ የሚያስጠማውን ብልሃት ብቻ አይደለም ያመጡት፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊው ውኃ አስቀድተዋል፣ ቁስለኛም አስነሥተዋል። ሰው ሲወድቅ ምን ማድረግ እንደሚገባ ያውቁ ነበር።

መጋቢት 13 ቀን 1898 ዓ.ም. ራስ መኮንን ቁልቢ ላይ አረፉ። ለምኒልክ የአክስት ልጅ ልብም ቀኝ እጅም ነበሩ፤ ብዙዎች የዙፋኑ ወራሽ ይሆናሉ ብለው የሚጠብቋቸውም እርሳቸው ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ የሕመም ምልክቶች መታየት የጀመሩት በዚሁ የሐዘን ሰሞን ነው። በተከታዮቹ ዓመታት ሕመሙ እየተመላለሰ ሰውነታቸውን በከፊል አሰነፈው። ዛሬ ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት ነው፤ ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ደም ያጣው የአንጎል ክፍል ይሞታል፣ እርሱ ያዝዘው የነበረው እጅ፣ እግር ወይም ምላስም ይሰንፋል። መነሻው ብዙ ጊዜ የደም ግፊት ወይም የልብ ምት መዛባት ነው።

የሚገርም መገጣጠም አለ። ሐኪሞች በክንድ ላይ ጠምጥመው የደም ግፊት የሚለኩበትን መሣሪያ ጣሊያናዊው ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ ለዓለም ያስተዋወቀው በቱሪን ከተማ፣ ልክ የዓድዋ ጦርነት በተካሄደበት በአውሮፓውያኑ 1896 ነው። ይሁን እንጂ የደም ግፊትን በአግባቡ የሚያወርድ መድኃኒት እስኪገኝ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ስለዚህ በምኒልክ አልጋ ዙሪያ የተሰበሰቡት ሐኪሞች፣ ከጓዴሎፑ ተወላጅ ከዶክተር ቪታልየን እስከ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ የቱንም ያህል ቢደክሙ በእጃቸው የነበረው ነገር ጥቂት ነው። ዕረፍት፣ ጥንቃቄ፣ መልካም አስታማሚ።

የንጉሡ ሕመም የቤተሰብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም ነበር። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ሎንዶን ላይ ተቀምጠው ኢትዮጵያን በሚመለከት ጥቅማቸውን የተከፋፈሉበትን የሦስትዮሽ ውል የፈረሙት በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ቢሞቱ አገሪቱ ትበተናለች የሚል ሥሌት ከጀርባው ነበር። ምኒልክም ይህን አልሳቱትም። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ በግንቦት 1901 ዓ.ም. ደግሞ የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ወራሽ፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት መሆናቸውን በአዋጅ አስታወቁ። በዚሁ ዓመት በጥር ወር ጸበል ፍለጋ ደብረ ሊባኖስ ወርደው ነበር። አንድ ሰው ጸበልንም፣ የፈረንጅ መድኃኒትንም፣ የመንግሥት አዋጅንም በአንድ ዓመት ውስጥ ሲሞክር፣ ጊዜው እያለቀበት መሆኑን ማወቁ ነው።

በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ከሁሉ የከፋው መጣ። ምኒልክ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው መናገርም መንቀሳቀስም አልቻሉም።

እንዲህ ያለ ታማሚ ያስታመመ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። በሽተኛው በአንድ ጎኑ ተኝቶ ሰውነቱ እንዳይቆስል ማገላበጥ፣ ትን እንዳይለው በጥቂት በጥቂቱ ማጉረስ፣ ያልወጣውን ቃል ከዓይኑ ማንበብ ይጠይቃል። ጣይቱ ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ሌላ ሸክም ነበረባቸው። ምኒልክ ስለማይናገሩ በስማቸው የሚናገረው ማን ነው? መልሱን እቴጌዪቱ ራሳቸው ሰጡት። ሹመትና ሽረቱን ያዙ፤ ለወንድማቸው ለራስ ወሌና ለሰሜን ዘመዶቻቸው አደሉ፤ ለልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽነትም ልባቸው አልረጋም።

እዚህ ላይ እቴጌዪቱን ያለ ነቀፋ ማለፍ ታሪክን ማድላት ይሆናል። የሸዋ መኳንንት ቅሬታ ከባዶ የመነጨ አልነበረም፤ የባለቤታቸውን ሕመም የወገናቸው መሰላል አድርገውታል ብለው ያመኑ ብዙዎች ነበሩ። ወሬውም በዛ። የቤተ መንግሥቱ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሠ ነገሥቱ ተመርዘዋል የሚል ክስ አሰማ፤ ክሱ ሳይረጋገጥ ቀርቶ ሐኪሙ አገር ለቀቀ። ሰው በደም ሥር መደፈን ሲወድቅ መርዝ ነው፣ መተት ነው፣ ምች ነው ማለት በየዘመኑ ያለ ነው። የአስታማሚን ሥቃይ በእጥፍ የሚጨምር ወሬ ግን ከዚህ የከፋ የለም፤ ቀን ከሌት ባጎረሰ እጅ ላይ የሚወድቅ ጥርጣሬ ነውና።

መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴና ሌሎች መኳንንት እቴጌዪቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሉ። ከእንግዲህ ሥራቸው ባላቸውን ማስታመም ብቻ እንዲሆን ተወሰነባቸው። ውሳኔው እንደ ቅጣት የተሰጠ ነው። ማስታመም ከሥልጣን የወረደ ሰው የሚሠራው ትንሽ ሥራ ተደርጎ ታሰበ።

ጣይቱ ግን ከአልጋው አጠገብ አልተነሡም። ራስ ተሰማ ራሳቸው በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ከምኒልክ ቀድመው አረፉ። ልጅ ኢያሱ ያለ ሞግዚት መግዛት ጀመሩ። አንድ ጊዜም ወራሹና የቤተ መንግሥቱ ዘበኞች ተጣልተው ግቢው እስከ መከበብ ደርሶ ነበር። ውጭ ይህ ሁሉ ሲሆን ውስጥ ያለችው ሴት ትርፍ የምታገኝበት ምንም ነገር አልቀረም። ሹመት የሚሰጡበት ማኅተም የለ፣ የሚያስፈራሩበት ጦር የለ፣ ድነው ይክሱኛል የሚሏቸው ባል የሉ። ቀደም ሲል የሚያስታምሙት ለሥልጣን ነው ተብለው ከነበረ፣ እነዚያ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር የማይሞሉ ጊዜያት ለሐሜቱ በቂ ምላሽ ናቸው።

ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ ነጋሪት አልተጎሰመም፣ ለንጉሠ ነገሥት የሚገባው ለቅሶ በአደባባይ አልተለቀሰም። አስከሬናቸው በግቢው ውስጥ በምስጢር ተቀመጠ። ባሏ የሞተባት ሴት በወግ ማልቀስ የምትከለከልበት አገር አይደለም ይህ፤ በገጠር ለድኻው እንኳ ድንኳን ይተከላል፣ ዕድርተኛው ይሰበሰባል። የኢትዮጵያ እቴጌ ግን ይህን ተነፈጉ።

ወዲያው ከቤተ መንግሥት እንዲወጡ ተደርገው እንጦጦ ማርያም አጠገብ ተቀመጡ። ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ከኮረብታው ቁልቁል የሚታየውም ስም ያወጡላት ከተማ። ኢያሱ ወርደው የእንጀራ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡም ወደ ሥልጣን አልተመለሱም። በኅዳር 1910 ዓ.ም. ቀሪ ዘመኔን ጎንደር ሄጄ ልፈጽም ብለው ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም።

ከሦስት ወር በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ አረፉ። ዛሬ አዲስ አበባ በሚገኘው በታእካ ነገሥት በኣታ ለማርያም ገዳም፣ በባለቤታቸው አጠገብ ዐርፈዋል።