ኤርል ዋረንና የባለሥልጣን ከለላ

ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን ተረት ሳይሰማ ያደገ ከመካከላችን የለም። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ግን ባለሥልጣንም እንዲከሰስ የሚያደርግ ሕግ በ1871 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ይህ ሕግ በግዛት ሥልጣን ተሸፍኖ የሰውን መብት የጣሰ ማንኛውም ሰው ለተበዳዩ ካሣ እንዲከፍል ያዛል። ከዚህ ሕግ ፊት ለፖሊሶች ከለላ ያቆመው የመብት ጠበቃ ተብሎ የሚመሰገነው ዋና ዳኛ ኤርል ዋረን መሆኑ ስላስደነቀን፣ ሕይወቱን ባጭሩ ለጓደኞቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ዋረን በ1891 በሎስ አንጀለስ ተወለደ፤ ያደገው በቤከርስፊልድ ከተማ ነው። አባቱ ከኖርዌይ የመጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ልጁ በበርክሌይ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምሮ፣ ከ1925 እስከ 1939 የአላሜዳ አውራጃ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ሠራ። ከዚያም የካሊፎርኒያ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሆነ፤ በ1943 ደግሞ የግዛቲቱን ገዢነት ያዘ።

በ1942፣ ዋና ዐቃቤ ሕግ ሳለ፣ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከምዕራቡ ጠረፍ እንዲነሡ አጥብቆ ደገፈ። ወደ 120,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ተወላጅ ዜጎች፣ ቤት ንብረታቸውን ጥለው በአጥር ውስጥ ታጎሩ። ዋረን ይህን ሲያደርግ አገሩን የሚጠብቅ መስሎት ነበር። ከሞተ በኋላ በ1977 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ግን እጅግ መጸጸቱን ገልጿል።

ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1953 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ አድርጎ ሾመው። በሚቀጥለው ዓመት ዘጠኙን ዳኞች በአንድ ቃል አስተባብሮ፣ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። በ1961ም ይኸው ፍርድ ቤት ተረስቶ የኖረውን የ1871 ሕግ አንሥቶ፣ መብት የጣሰ ፖሊስ በዚህ ሕግ ሊከሰስ እንደሚችል አረጋገጠ።

በዚያው ዓመት በመስከረም ወር፣ ነጭና ጥቁር የሆኑ 15 ቀሳውስት በሚሲሲፒ ግዛት በጃክሰን ከተማ፣ ለነጮች ብቻ በተባለ የአውቶቡስ መጠበቂያ ክፍል አብረው ገቡ። ፖሊስ ጸጥታ አደፈረሳችሁ ብሎ ያዛቸው፤ ዳኛውም አራት ወር እስራትና 200 ዶላር መቀጫ ፈረደባቸው። በይግባኝ ክሱ ከወደቀ በኋላ ከቀሳውስቱ አንዳንዶቹ ፖሊሶቹንና ዳኛውን ካሣ ጠየቁ።

ጉዳዩ በ1967 ዋረን ፊት ቀረበ። እሱም ስምንት ዳኞችን ወክሎ ፍርዱን ጻፈ። ዳኛ በዳኝነት ሥራው ከቶ ለካሣ አይከሰስም፤ ፖሊስም በቂ ምክንያት አለኝ ብሎ በቅን ልቡና ከያዘ መከላከያ አለው አለ። አንድ ፖሊስ ቢይዝ ካሣ፣ ባይዝ ሥራውን በማጉደል ወቀሳ የሚጠብቀው ከሆነ፣ በሁለት እሳት መካከል ይቆማል ብሎ አስቦ ነው። ዳግላስ የተባለው ዳኛ ብቻውን ተቃወመ፤ ሕጉ ማንኛውም ሰው ሲል ዳኛንም ይጨምራል የሚል ነበር።

ዋረን በ1969 ጡረታ ወጥቶ በ1974 ሞተ። የተከለው ከለላ ግን እያደገ ሄደ። ከ1982 ወዲህ የባለሥልጣኑ ቅን ልቡና መጠየቁ ቀርቶ፣ የጣሰው መብት አስቀድሞ በሕግ በግልጽ የታወቀ መሆኑ ብቻ ይመረመራል። ይህ ካልታየ ተበዳዩ ባዶ እጁን ይመለሳል።

እኛ ፖሊስ በየቀኑ በፍርሃት ይሥራ አንልም፤ የዋረን ስጋት እውነተኛ ነበር። ነገር ግን የራሱ ሕይወት መልስ ይሰጠዋል። በ1942 እሱም በቅን ልቡና የሠራ መስሎት ነበር፤ የታጎሩት ሰዎች ጉዳት ግን በዚህ አልቀለለም። የባለሥልጣኑ ቅንነት እሱን ከቅጣት ያድነው ይሆናል፤ ለተበዳዩ ግን ካሣ አይሆነውም። ባለሥልጣኑ የማይከፍል ከሆነ የሾመው መንግሥት ይክፈል። ነገ ከመካከላችን ብዙዎች ማኅተም እንይዛለንና፣ ይህን ዛሬ ተማሪዎች ሳለን ብናስብበት መልካም ነው።