ንጉሥ ሣህለ ሥላሴና የአንኮበር የውሃ ወፍጮ

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ላይ የተቀመጠችው አንኮበር በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የሸዋ መናገሻ ነበረች። በዚያ ከተቀመጡት ገዢዎች መካከል የንጉሥነትን ማዕረግ በመጀመሪያ የያዙት የምኒልክ አያት ሣህለ ሥላሴ ናቸው። የተወለዱት በ1795 ገደማ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አባታቸው ራስ ወሰን ሰገድ በተገደሉ ጊዜ በሰላ ድንጋይ በትምህርት ላይ የነበሩት ወጣት ታላቅ ወንድማቸውን ቀድመው በ1813 ሥልጣኑን ያዙ፤ እስከ 1847ም ገዙ።

የሣህለ ሥላሴ አገዛዝ በጦር ብቻ የቆመ አልነበረም። በበዓላት ቀን አዳራሻቸው ተከፍቶ መኳንንቱ፣ ካህናቱና ወታደሩ እንደየማዕረጋቸው ግብር ይበሉ ነበር። ይግባኝ ባዩም በችሎታቸው ፊት ቆሞ ጉዳዩን በአደባባይ ያሰማል። ረኃብ በደረሰ ጊዜም የመንግሥቱን ጎተራ ለችግረኛው ማስከፈታቸው ይነገርላቸዋል። እንግዲህ በአንኮበር ሰው የሚሰበሰብበትና ቃል የሚሰማበት ስፍራ አልጠፋም ነበር ማለት ነው።

ክርክርም አልጠፋም። የዘመኑ ትልቁ የመከራከሪያ ርእስ የክርስቶስ ልደት ምሥጢር ሲሆን፣ የሸዋ ካህናት በሦስት ልደትና በሁለት ልደት ተከፍለው ነበር። ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አልነበረም፤ ሹመትና ርስት ይከተለው ስለነበር የመንግሥትን ሰላም ያናውጥ ነበር። በ1841 ንጉሡ የሦስት ልደትን ወገን ደግፈው ፈረዱ፤ ተቃዋሚዎቹም ሹመታቸውን አጡ።

ይኸው ንጉሥ የእጅ ሥራ ወዳጅ ነበሩ። ጠመንጃ ጠጋኝ፣ ባሩድ ቀማሚና ግንበኛ ከየአገሩ ያስጠጉ ነበር። ከእንግሊዝ ጋር በ1841፣ ከፈረንሳይ ጋር በ1843 ውል ሲዋዋሉም ከሚመኟቸው ነገሮች ዋነኛው የጦር መሣሪያና የባለሙያ እውቀት ነበር። ዲሜጥሮስ የተባለ የውጭ አገር ባለሙያም በአንኮበር አጠገብ የውሃ ወፍጮ ሠራላቸው። በዚያን ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ዱቄት የሚገኘው በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብለው ከሚውሉ ብዙ ሴቶች ጉልበት ነበር። ካህናቱ ግን ያለ ሰው እጅ የሚዞረውን ድንጋይ የሰይጣን ሥራ ነው አሉት፤ ወፍጮውም ሥራውን አቆመ።

ይህን ታሪክ የምናነብ መሐንዲሶች ካህናቱን ቶሎ በድንቁርና ለመክሰስ እንቸኩል ይሆናል። ነገር ግን ያን ያህል ረቂቅ በሆነ ምሥጢር የሚከራከር ሕዝብ ማሰብ አልተሳነውም። የጎደለው ሌላ ነው፤ ምን እንደጎደለ ለማየት ከአንኮበር ርቀን፣ ወደ ንጉሡ መልእክተኞች የላከችው እንግሊዝ ከዚያ በፊት በነበረው ምዕተ ዓመት እንዴት ትመክር እንደነበር መመልከት ይጠቅማል። ጆን ስሚተን የተባለው መሐንዲስ በ1759 በለንደን የሳይንስ ማኅበር ፊት የመንኮራኩር ሙከራውን አቀረበ። ውሃ ከላይ የሚወርድበት መንኮራኩር ከታች ከሚገፋው እጥፍ ያህል ጥቅም እንደሚሰጥ በልኬት አሳየ። በ1771ም እሱና የሙያ ጓደኞቹ የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር አቋቋሙ፤ በመጠጥ ቤት ማዕድ ዙሪያ እየተገናኙ ስለ ድልድይ፣ ስለ ቦይና ስለ ወደብ ይወያዩ ጀመር። እዚያ ሙያ የራሱ ማዕድና የራሱ ቃል ነበረው።

በአንኮበር ማዕድ ግን ሙያ ቃል አልነበረውም። ቀጥቃጩና ሸማኔው በቡዳነት የሚጠረጠሩ፣ ሥራቸው የሚፈለግ እነሱ ግን የሚናቁ ሰዎች ነበሩ። ዲሜጥሮስ እንግዳ ነበር። ከወፍጮው ከማንም በላይ የሚጠቀሙት ፈጪ ሴቶችም በጉባኤ ፊት የሚቆሙ አልነበሩም። ስለዚህ ወፍጮው ሲከሰስ ጠበቃ አልተገኘለትም። በሃይማኖት ክርክር ፍርድ የሰጡት ንጉሥ ለወፍጮው ሲሉ ከካህናቱ ጋር ለመጣላት አልፈለጉም። መንግሥታቸው በካህናቱ ድጋፍ ጭምር የጸና ነበርና ለዚህ አጥብቆ መውቀስ አይገባም፤ ሆኖም ሴቶቹ መፍጨታቸውን ቀጠሉ።

ሣህለ ሥላሴ በ1847 በደብረ ብርሃን አረፉ። ዛሬ የወፍጮ ቤት ድምፅ በማይሰማበት የሸዋ ከተማ መገኘት ያስቸግራል፤ በዚህም የሚደነግጥ የለም። አንኮበር ላይ የቆመው ወፍጮ ለማኅበራችን የሚተወው ትምህርት ግን አላረጀም። ውሃው ወርዷል፣ መንኮራኩሩም ዞሯል፤ የጎደለው ስለ ሥራው ለሕዝብ የሚያስረዳና ጥርጣሬውን በትዕግሥት የሚሰማ ወገን ነው። በየገጠሩ ግድብ፣ የውሃ መስመርና መንገድ የምንዘረጋ ሁሉ ሥሌታችንን ከማጠናቀቃችን አስቀድሞ የአገሩን ሽማግሌ፣ ካህኑንና ውሃ ቀጂዋን ሴት በአንድ ጉባኤ ማስቀመጥ ይገባናል። ይህም እንደ መሠረት ቁፋሮ የሥራው ክፍል ሆኖ ሊቆጠር ይገባል።