ቶም ኪልበርን

ቶም ኪልበርን (ነሐሴ 5 ቀን 1913 ዓ.ም. – ጥር 9 ቀን 1993 ዓ.ም.) እንግሊዛዊ የኮምፒዩተር መሐንዲስ ነበሩ። በዲውስበሪ ከተማ ተወልደው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ተማሩ።

በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ከፍሬዲ ዊሊያምስ ጋር በካቶድ ጨረር ቱቦ የሚሠራ ማኅደረ ትውስታ አበለጸጉ። ሰኔ 14 ቀን 1940 ዓ.ም. «ቤቢ» የተባለው ማሽን ኪልበርን የጻፉትን ፕሮግራም አስኬደ። ማሽኑ የሚይዘው 32 ቃላት ብቻ ነበር፤ እያንዳንዱም ቃል 32 ቢት ነው።

ታላቁ ሥራቸው ኅዳር 28 ቀን 1955 ዓ.ም. የተመረቀው አትላስ ነው። ፈጣኑ ማኅደረ ትውስታ ውድ ስለነበር 16,384 ቃላት ብቻ ይዞ ነበር። ስለዚህ የኪልበርን ቡድን መረጃውን 512 ቃላት በሚይዙ ገጾች ከፈለው። ለጊዜው የማያስፈልገው ገጽ ቀርፋፋ በሆነው መግነጢሳዊ ከበሮ ላይ ይቆያል፤ ሲፈለግ ማሽኑ ራሱ ያመጣዋል። ፕሮግራም ጸሐፊው ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ማከማቻ ያያቸዋል። ዘዴው ምናባዊ ማኅደረ ትውስታ ይባላል።

ኋላ የመጡት ባለ 32 ቢት የዳታቤዝ ሰርቨሮች ለአንድ ፕሮግራም ከ4 ጊጋባይት በላይ አድራሻ መስጠት አይችሉም ነበር። ከዚህ በላይ ማኅደረ ትውስታ የተገጠመላቸው ሰርቨሮች የተጠቀሙበት መላም ገጾችን በየተራ ወደ ጠባቡ አድራሻ ማምጣት ነበር።

ኪልበርን በ1957 ዓ.ም. የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነው ተመረጡ።